ጭቃ ያልያዘው ቸርኬ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አላወጣሁትም። ሚስቴ ሳትሰማው ሞተች። ወንድሜም አያውቀውም። ክርስቲያን ጎረቤቶቼ የንስሐ አባት አላቸው፤ ለሱ ነግረው ቀለል ይላቸዋል። እኔ እስላም ነኝ፣ ከአላህ ጋር በመሐላችን ሰው የለም። የኔ ነገር ግን የሰው ሐቅ አለበት። የሰው ሐቅ ደግሞ ባለሐቁ፣ የተበደለው ሰው፣ ካልተወው አላህም አይተወውም ብለው ነው ሼኾቻችን ያስተማሩን። እንግዲህ አንተ የምታነበው ሰው፣ ማንም ሁን፣ ስማኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከጎለመስኩ በኋላ ነው። ቢጣመምም ታገሠኝ። ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አልፈለግኩም። በሌላ ሰው እጅ ነገሩ ይለሰልሳል።

ይመር እባላለሁ። መርሳ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ መኪና የሚታጠብበት ላቫጆ ቤት ስሠራ ነው ያረጀሁት። ሌሎቹ ቦዲ ያጥባሉ፤ እኔ ጎማ የሚገጠምበት ቸርኬ ነበር ሥራዬ። አሉሚኒየሙን ማለቴ ነው፤ የብረቱንማ ማንም ያጥበዋል። አሉሚኒየም ሥራ ይፈልጋል። የፍሬን ሸራ ብናኝ ከተኛበት ይበላዋል። አንዳንዱ በአሲድ ያጥበዋል፤ ያን ቀን ያበራል፣ ሰንብቶ ይነጣል። እኔ መጀመሪያ እስኪበርድ እጠብቃለሁ፤ በጋለ ቸርኬ ላይ ውሃ ካፈሰስክ ነጠብጣቡ አይለቅም። ከዚያ ሳሙናና ለስላሳ ቡሩሽ፤ የቡሎኖቹን ሥር በጣቴ። ሲደርቅ ማሸጊያ የሚሉትን ፈሳሽ እቀባለሁ፣ እሱ ሲይዝ በላዩ ሰም፣ ስስ አድርጌ። ጉም መስሎ ሲደርቅ በጨርቅ እወለውለዋለሁ። እንዲያ የተሠራ ቸርኬ ጭቃ አይዘውም። ውሃ ጠብ ካለበት ጭቃው ተልጦ ይወርዳል። በዚህ እኮራ ነበር።

ሰይድ የሚባል የፍራፍሬ ነጋዴ ጎረቤት አለኝ። ፒካፕ ነበረችው። ማንጎና ብርቱካን ጭኖ ወልዲያ ገበያ ያወጣባታል፤ ስድስት ነፍስ የሚበላው ከሷ ነው። ቦዲዋ ቀለሙ የተላጠ አሮጌ፣ ቸርኬዋ ግን አዲስ አሉሚኒየም። "ቀሚስ የሌላት ሙሽራ፣ ጫማዋ ብቻ አዲስ" እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል።

ያ ክረምት ጦርነቱ ወደ ወልዲያ ቀረበ ተባለ። መኪና የሚያሳጥብ ጠፋ። እኔም ሥራ ስፈታ የሰይድን አራት ቸርኬዎች ሦስት ቀን ሙሉ ሠራኋቸው። አንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ያመጣልኝ የሰም ጣሳ ነበረኝ፤ ተጠርጎ አለቀ። እንደዚያ አድርጌ ሠርቼ አላውቅም። ወላሂ ፊትህን ታይበታለህ።

በአራተኛው ቀን ሰይድ መጣ።

"አባ ይመር፣ እስቲ ያበላሹልኝ" አለኝ።

"ምኑን?"

"መኪናዋን። የሞተች እናስመስላት። ካዩዋት ይወስዷታል።"

ናፍጣ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ነድቷት ልሂድ ቢል አይችልም። ባትሪዋን አውጥቶ ቀበረ፣ ጎማውን አስተነፈሰ። እኔ ጭቃ ከጭድና ከእበት ጋር አቡክቼ እንድለቀልቃት ተስማማን። ከሞተር ብስክሌቱ የቀዳትን አንድ ሊትር ቤንዚን ሰጠኝ።

"ቸርኬውን መጀመሪያ በዚህ ጠርገው ሰሙን ያውርዱት። ጭቃ አይዘውም ብለው የነገሩኝ አንቱ ነዎት።"

"እሺ" አልኩት።

እሺ ብዬ አላወረድኩም። ደግሜ ልጻፈው፤ እሺ ብዬ ሰሙን አላወረድኩም። ጨርቁን ቤንዚን ነክሬ ቸርኬው ፊት ቁጭ አልኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። እጄ እምቢ አለኝ ማለቴም ውሸት ነው፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። የሦስት ቀን ሥራዬን ለወሬ ብዬ ላጥፋው? ጦር መርሳ አይደርስም ብዬ ከሰው ሁሉ ስከራከር የሰነበትኩ ግትር ነኝ። ቤንዚኑን መሬት ላይ አፈሰስኩት። ሰው ጠርሙስ ይዞ እስከ ግራና ከተማ ድረስ በእግሩ ቤንዚን ፍለጋ በሚሄድበት ጊዜ እኔ መሬት አጠጣሁት። ለምን? ግቢው እንዲሸት። ከዚያ ሰሙ ላይ ጭቃ ለጠፍኩበት። ሰይድ መጥቶ አሸተተ።

"አወረዱት?"

"አውርጄዋለሁ።"

በማግስቱ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በሰው የጭነት መኪና ወደ ደሴ ሄደ። ሽማግሌ ምን ያደርጉኛል ብዬ ቤቱን ልጠብቅለት ቀረሁ።

ጦሩ ገባ። ከቀናት በኋላ ጠዋት ዝናብ ጣለ። የቆርቆሮው ጠፈጠፍ ፊተኛው ጎማ ላይ ይወርድ ነበር፤ ሲያባራ ብወጣ ጭቃው ተገሽልጦ ቸርኬው ያበራል። ቦዲዋ ላይ ያለው እንደ ቤት ምርግ ይዟል። አፈስኩና ለጠፍኩበት፣ ወረደ። ደግሜ ለጠፍኩ፣ ወረደ። እዚያው እያለሁ ሦስት ታጣቂዎች ገቡ። ቤቱን ፈተሹ፣ መኪናዋን አልፈው ሊወጡ ነበር። አንደኛው ዞር አለ።

"እናንተ፣ ሬሳዋ ጫማዋን አስወልውላለች እኮ!"

ተሳሳቁ። ተመልሶ ቸርኬውን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው።

"ይቺ አልሞተችም፣ ተኝታ ነው። አባት፣ አንቱ ነዎት ያስተኟት?"

አንዱ ቀረ፤ ሁለቱ ወጥተው ጎሚስታውን ታደሰን እየነዱ አመጡት። ታደሰ ላቫጆው አጠገብ ጎማ የሚያድስ ሰው ነው። የእግር መንፊያውን አሸክመው ከፊት ከፊት አስኬዱት። ሰው በየበሩ ቀዳዳ ያያል። ሰው ያየው ታደሰ ከፊት ሆኖ ታጣቂዎቹን ወደ ሰይድ ግቢ ሲመራ ነው። ቀድመው እንዳገኟት ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ታደሰ አራቱንም ጎማ ነፋ። መንፊያውን ሲያነሳ አጠገቤ ጎንበስ አለ።

"አባ ይመር፣ አንቱ አይተዋል። ኋላ ይመሰክሩልኛል።"

ራሴን ነቀነቅኩለት። ባትሪና ናፍጣ አምጥተው ነድተዋት ሄዱ።

ከወራት በኋላ ጦሩ ለቀቀ፣ ሰይድም ተመለሰ። መኪናዋ ውርጌሳ አጠገብ ቦይ ውስጥ ተገኘች ተባለና አብሬው ሄድኩ። ሞተሯ ተነቅሏል፣ ጋቢናዋ ተጨፍልቋል። ሰይድ ዞራት፤ ቁጭ አለና የኋላ ጎማዋን ጭቃ በመዳፉ ጠረገው። ቸርኬው በራ።

"አዩ! ቤንዚን ቀምሶም ያበራል! የአንቱ እጅ ያረፈበት አይሞትም እኮ!" አለ፤ አብረውን ወደመጡት ሰዎች ዞሮ፣ እንባው እየወረደ።

አሁን የምጽፈው ከሁሉም ያሳፍረኛል። ደስ አለኝ። የሰውዬው እንጀራ ቦይ ውስጥ ወድቆ፣ እኔ ሥራዬ በሰው ፊት ስለተመሰገነ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚሆን?

ከዚያ ቀና ብሎ "የመራቸው ታደሰ ነው ይላሉ። አንቱ እዚያ ነበሩ፣ እውነት ነው?" አለኝ።

"አላህ ያውቃል" አልኩት።

ውሸት አልተናገርኩም፤ አላህ ያውቃል። ግን የአላህን ስም ጠርቼ ሰው ቀበርኩበት። ራሳቸው አገኟት ብል ምን ነበረበት? በምን አወቁ ይለኛል። በምን እንዳወቁ ከነገርኩት የቤንዚኑ ነገር ይወጣል። ለዚያች ቤንዚን ብዬ አንድ ሰው ሸጥኩ።

ሽማግሌ ዝም ካለ ነገሩ እውነት ነው ማለት ነው ተባለ። ለታደሰ ጎማ የሚያመጣ ጠፋ። ልጆቹን የጠቋሚ ልጆች አሏቸው። አንድ ቀን ቤቴ መጣ፤ ቁጭ በል ብዬ ብለምነው እምቢ አለ።

"አንድ ቃል ቢሉልኝ አባ ይመር። ሌላ አልፈልግም።"

"አርጅቻለሁ ልጄ፣ አላስታውስም" አልኩት።

ረጅም ጊዜ አየኝ። "እሺ አባባ" ብሎ ወጣ። በሳምንቱ ቤቱን ዘግቶ ወደ ሐራ ሄደ።

ሁለት ዓመት እዚያ ሰው ሳያውቀው ሠራ። ኋላ እናቱ እዚህ መርሳ አልጋ ላይ ስትወድቅ፣ ልመለስ ብሎ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ "አድርገህም እንደሆን፣ ሳታደርግም እንደሆን፣ ሰይድን ይቅርታ ጠይቀውና ነገሩ ይለቅ" አሉት። ደክሞት ነበር መሰለኝ፣ እሺ አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነኝ። ሰይድ ግቢ፣ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀመጥን። ታደሰ በአገሩ ወግ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ከበሩ ጀምሮ ጎንበስ ብሎ መጣ። ባላደረገው ነገር "በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ" አለ። ሰይድም "ይቅር ብያለሁ" ብሎ ድንጋዩን አወረደለት። ሼኹም ቄሱም መረቁ። በየምርቃቱ አሚን አልኩ። ከሌሎቹ ድምፄን ከፍ አድርጌ አሚን አልኩ።

ታደሰ ያን ቀን ሲያልፍ ጉልበቴን ሳመ። እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ ዝቅ ብሎ "አስታራቂዬ" ይለኛል። ያውቃል? አያውቅም? ያኔ ቤቴ መጥቶ ያየኝ ዓይኑ ያውቃል ይለኛል። አውቆ ጉልበቴን ከሳመ ደግሞ እኔ ምንድን ነኝ?

ጦርነት ነበር እንድትለኝ አልጻፍኩም። ጦርነቱ የራሱን ሠርቷል፤ ቤንዚኑን ያፈሰስኩት ግን እኔ ነኝ፣ አላስታውስም ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሚን ያልኩት እኔ ነኝ።

ለፊታችን ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ሰይድ ግቢ ጠርቻለሁ። ታደሰንም ጠርቻለሁ። ለምን እንደሆነ አልተናገርኩም። ይህን ወረቀት ራሴ አነበዋለሁ፤ ቀስ እያልኩ ነው የማነበው፣ ይቆዩኝ። ሰይድ የመኪናውን ይቅር ቢለኝ ባይለኝ፣ ታደሰ ሐቁን ቢተውልኝ ባይተውልኝ የነሱ ነው። እኔ አልለምናቸውም፤ መለመንም ማታለል ይሆንብኛል።

ታደሰ የተሸከመው ድንጋይ ተመልሶ የሰይድ ግቢ በር አጠገብ ተቀምጧል። ትናንት ሰው በሌለበት ላነሳው ሞክሬ ነበር። ከጉልበቴ በላይ አልወጣልኝም። እሱ እስከ ማንጎው ድረስ ተሸክሞታል። ዓርብ ካቃተኝ እያንከባለልኩ አደርሰዋለሁ።