ከነጠላ ጀርባ የተዋጠ መድኃኒት

በደርግ ጊዜ ነው፤ ሐዋሳን ገና አዋሳ እያልን በምንጠራበት። እዚያው አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቼ አስተምር ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይቺ ግን ድካም በተሰማኝ ቁጥር ትመጣብኛለች።

እናቴ ምግብ ጉሮሮዋ ላይ እየቆመ ቢያስቸግራት ከሰላሌ እኔ ዘንድ መጣች። ከአጥሚትና ከሾርባ በቀር የሚወርድላት አልነበረም። ከስታ ቀሚሷ ሰው የለበሰው አይመስልም። ሐኪሙ፣ «ነጭ መድኃኒት ስትውጥ በራጅ እናያለን፤ የት ላይ እንደሚቆም ያኔ ይታወቃል። ሳናይ ማከም አንችልም» አለኝ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እናቴ ቡዳ ትፈራለች፤ ባዕድ እያያት በልታ አታውቅም። ሰርግ ቤት እንኳ በነጠላዋ ተከልላ ነው የምትጎርሰው። ሕመሙንም «የበላኝ ሰው አለ» ነበር የምትለው።

ሁለት ጊዜ ወስጃት ሁለቴም አፏን ገጥማ ተመለሰች። ከትምህርት ቤት ፈቃድ መለመን፣ ወረፋ መያዝ፣ ከዚያ ደግሞ «የቀበሌ ስብሰባ ለምን ቀረሽ?» መባል። እውነቱን ልናገር፣ መሮኝ ነበር።

በሦስተኛው የራጅ ባለሙያው ሌላ ሰው ነው፤ ዓይኑ ድካም ያጠላበት ጎልማሳ። ብርጭቆውን ሲሰጣት፣ «አንተ እያየኸኝማ አልውጥም» አለችው።

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ «እማማ፣ ልጅዎ በነጠላ ትከልልዎታለች። እኔ ማሽኑን ብቻ ነው የማየው» አላት።

ራጅን ነጠላ እንደማያግደው እሱም እኔም እናውቃለን።

ጨረር የሚከላከል ከባድ የእርሳስ ሽርጥ አለበሰኝ። ነጠላዋን በሁለት እጄ ወጥሬ ፊቷ ላይ ያዝኩ። መብራቱን አጠፋው። እናቴ አማተበችና ተጎነጨች።

«አሁን ይዋጡት... ይቆዩ... ይድገሙ።»

ክንዴ ዝሎ ተንቀጠቀጠ፤ ወገቤ ተቆረጠ። እሱ በሚያበራው የማሽኑ መስኮት እያንዳንዷን ጉንጭ በዓይኑ ይከተላል። ነጩ መድኃኒት ደረቷ መሃል ሲደርስ እንደ ክር ቀጥኖ ነበር የሚያልፈው።

ሲያበቃ፣ «አላየኸኝም አይደል፣ ልጄ?» አለችው።

«አላየሁም፣ እማማ።»

መረቀችው። እኔ ነጠላዋን አጣጥፌ ሰጠኋት።

አዲስ አበባ ተልካ የጠበበውን አሰፉላት። እንጀራ እየበላች ብዙ ዓመት ኖረች። እናቴን አታለልኳት የሚለው ግን ውስጤን ይከነክነኝ ነበርና፣ ልትሞት ሰሞን ሁሉንም ነገርኳት። ሳቀች።

«ሞኝ ነሽ እንዴ? ማየቱንማ አውቄአለሁ። ካላየ ምን ሊሠራ ቆመ? ክንድሽ ሲንቀጠቀጥ ነጠላው ፊቴን ይመታኝ ነበር። ልጄስ ደከመች፣ ቡዳም ከበላኝ ይብላኝ ብዬ ዋጥኩት።»

ያን ሁሉ ጊዜ የታገሥኩት እኔ ነኝ እያልኩ እመጻደቅ ነበር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።