መካከለኛው መጋዝና አንካሳዋ መኪና

ዘገዬ ማዘንጊያ ፈሪ ነበር። ይህን የምለው ላሳንሰው ብዬ አይደለም፤ እሱም ራሱ አይክድም። በድሬዳዋ ባቡር ጥገና ክፍል ሃያ ዓመት ሲሠራ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም። ስብሰባ ላይ ከመጨረሻው ወንበር ይቀመጣል፤ እጅ ሲወጣ ያወጣል፣ ሲወርድ ያወርዳል። የሚኮራበት አንድ ነገር ብቻ ነበረው፤ ጆሮው። የታመመ ሞተር ሲመጣ ኮፈኑ ሳይከፈት ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና «ሦስተኛው ካንዴላ ነው» ይላል። ሲከፈትም ሦስተኛው ካንዴላ ሆኖ ይገኛል። የሥራ ባልደረቦቹ «ባለጆሮው» ይሉት ነበር፤ በዚህ ስም ሲጠሩት ያ ዝምተኛ ፊቱ ይፈካል።

በ1971 ዓ.ም. ግን ያው ጆሮ መከራው ሆነ። ቀበሌው ከአንድ ከአገር ከሸሸ ነጋዴ የወረሳት አረንጓዴ ላንድሮቨር ነበረች። ነዳጅ ሳይሰጣት ሞተሯ ብቻ ሲዞር፣ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ዙር ላይ፣ ሦስቴ መትታ አንዴ ትስታለች፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ከዚያ ዝም። ሰፈሩ «አንካሳዋ» ብሎ ስም አወጣላት። አንካሳዋ በር ላይ ከቆመች ከዚያ ቤት ሰው ይወሰዳል፣ የተወሰደውም አይመለስም። የዘገዬ ጎረቤት የፋዱማ ትልቁ ልጅ ሊበን ባለፈው ዓመት እንደዚሁ ሄዶ ቀርቷል።

ለፋዱማ የቀረቻት ልጇ ሻሚስ ብቻ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስሟ ከወንድሟ ስም ጋር በአንድ የተፈላጊዎች ወረቀት ላይ ሰፍሯል ይባላል። ከተማውን ለቅቃ እንዳትሄድ የይለፍ ወረቀት የሚሰጠው ያው ቀበሌው ነው። ስለዚህ የቀራት መከታ የመኪናዋ ማነከስ ነበር። አንካሳዋ የደረቀውን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ አቋርጣ ወደ ሰፈሩ ለመታጠፍ ፍጥነቷን ስትቀንስ ያ ድምፅ ይሰማል። ይሄኔ ሻሚስ አጥሩን ዘላ ዘገዬ ግቢ ትገባና ከቆርቆሮው ክምር ኋላ ትተኛለች። ዘገዬ አይቶ እንዳላየ ይሆናል።

የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ ግን ዛፍ ነው። በሁለቱ ግቢ መካከል አንድ ትልቅ ኒም ነበር። ያለፈው ክረምት የደቻቱ ጎርፍ ከሥሩ አፈሩን ጠርጎት፣ ዛፉ ደርቆ ወደ ፋዱማ ጣራ አዘመመ።

«አቦ ዘገዬ፣ ይህን ዛፍ አንድ ነገር አርገው» አለችው ፋዱማ በግንቦት። «ዝናብ ከመጣ ጣራዬ ላይ ነው ሚተኛው። ወላሂ እንቅልፍ የለኝም።»

«እሺ አዴ ፋዱማ፣ ከላይ ወደ ታች እየቆራረጥኩ አወርደዋለሁ» አላት። እሺ ማለት ለፈሪ ሰው ቀላል ነው።

በመጥረቢያ ቢሞከር ግንዱ ሙሉውን ቤቷ ላይ ይወድቃል። የሞተር መጋዝ ያስፈልጋል። ከመሥሪያ ቤቱ የሐዲድ እንጨት የሚቆረጥበትን ትልቁን ተውሶ መሰላል ላይ ወጣ፤ መጋዙ ጫፉ ቅርንጫፍ ሲነካ ወደ ኋላ ነጥሮ አገጩን ሊወስደው ለትንሽ ሳተው። ወርዶ በማግሥቱ ለመሥሪያ ቤቱ መለሰው። ቀጥሎ የፍራፍሬ እርሻ ላይ የሚሠራ ወዳጁን ትንሹን መጋዝ ለመነ፤ እሱ ደግሞ ቅርንጫፉን ቆርጦ ግንዱ ላይ ሲደርስ አቃስቶ ይጠፋል። የሚፈልገው በሁለቱ መካከል ያለውን ነው፤ አንድ ሰው መሰላል ላይ ሆኖ የሚችለውን፣ ግንድም የማይመልሰውን።

የፋዱማ ወንድም ዋበሪ ጂቡቲ ወደብ ላይ ይሠራል። ዘገዬ ደብዳቤ ጻፈለት። ሲጽፍ ታዲያ ፍርሃቱ መጣበት፤ «መጋዝ» ብዬ ብጽፍ ቀበሌ ይሰማና ይወርሰዋል ብሎ ስሙን ዘለለው። እንዲህ ነበር ያለው፦ «ወንድም ዋበሪ፣ ቀላሉን ሞክሬዋለሁ፣ አይበቃኝም። ከባዱ ብቻዬን አይያዝልኝም፣ ወደ ኋላ ይመታል። መካከለኛውን ላክልኝ። ርዝመቱ አርባ አምስት ሳንቲም ይሁን። ትርፍ ሰንሰለት ጨምርበት። ክረምት ሳይገባ መጨረስ አለብኝ።» ከዚህ የበለጠ የተጠነቀቀ ሰው የለም ብሎ ደብዳቤውን አሽጎ ላከ።

መጋዙ በሰኔ መጀመሪያ በጆንያ ተጠቅልሎ በባቡር መጣ፤ ቀረጡ የተከፈለበት የፈረንሳይኛ ወረቀት አብሮት አለ። ዘገዬ ቤንዚኑን ከዘይት ጋር በልክ ቀላቅሎ አስነሳው። ጭሱ ግቢውን ሞላው። ወዲያው ገባው፤ ካርቡራቶሩ የተስተካከለው ለባሕር ዳርቻ አየር ነው፣ ድሬዳዋ ደግሞ ከፍ ትላለች፣ አየሯም ይሳሳል፤ ስለዚህ ቤንዚኑ በዝቶበታል። ሁለት ቀን ሙሉ ሚኒሞውን ብቻ ሲያበጅ ቆየ። ሞተሩ ሳይጠፋ በለሆሳስ እንዲዞር፣ ሰንሰለቱ ግን ከቦታው ንቅንቅ እንዳይል። ነዳጅ ሳይሰጡት የሚዞር ሰንሰለት እግር ይበላል። በመጨረሻ ተሳካለት፤ ሞተሩ እንዲህ ዝቅ ብሎ ሲዞር ከመንገድ የሚያልፍ ሰው ኮቴ ሁሉ ይሰማል። የከፍተኛውን ዙር ብሎን ግን አልነካም። ያንን ለማስተካከል መጋዙ በሙሉ ኃይሉ መጮኽ አለበት፣ ዘገዬ ደግሞ ጩኸቱ ምን ያህል ተኩስ እንደሚመስል ያውቃል።

ቅዳሜ ከሰዓት ከደቻቱ በኩል ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ ሲል ሰማ። ሻሚስ አጥሩን ዘላ ከቆርቆሮው ኋላ ገባች። አንካሳዋ የፋዱማን በር አልፋ የእሱ በር ላይ ቆመች።

«ዘገዬ ማዘንጊያ» አለ አንድ ድምፅ።

ፈሪው ሰውዬ መጋዙን እንደያዘ እየሮጠ ወጣ። ጀግንነት አልነበረም፤ እነሱ ከገቡ ቆርቆሮው አሥር እርምጃ ነው፣ ካልገቡ ግን ሩቅ ነው ብሎ አስቦ ነው። ከሁለት ጠመንጃ ያዦች መካከል አድርገው መኪናው ውስጥ አስቀመጡት።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ክፍሉ በቀበሌው ግቢ መካከል ጠረጴዛ አስወጥቶ ተቀምጧል። እጁ ላይ ፖስታ ቤት ተከፍቶ የተገለበጠ የዘገዬ ደብዳቤ ቅጂ አለ።

«ቀላሉ አልበቃህም» አለ ክፍሉ፣ ቀስ ብሎ እያነበበ። «ከባዱ ወደ ኋላ ይመታል። መካከለኛውን ላክ። ለመሆኑ ስንት ዓይነት መትረየስ ሞክረሃል?»

ዘገዬ ደብዳቤውን በሌላ ሰው ዓይን ሲያየው፣ እሱም ቢሆን መትረየስ ነው ይል ነበር።

«መጋዝ ነው ጓድ ሊቀመንበር። ዛፍ መቁረጫ።»

«መጋዝ የሚል እዚህ የት አለ?»

«ፈርቼ ነው ያልጻፍኩት።»

«ምን ፈርተህ?»

መልሱን ሳይጠብቅ ክፍሉ በአገጩ መጋዙን አመለከተ። «እንግዲህ አስነሳውና ቁረጥ። መትረየስ ይሁን መጋዝ እናያለን።» ጠባቂዎቹ የተጋደመ የስልክ እንጨት አሳዩት። አንደኛው፣ ገና ጢሙ ያልወጣ፣ ጠመንጃውን ሲያቀባብል ዘገዬ ሰማ።

ገመዱን ሳበ። መጋዙ ተነስቶ በቀስታ ዞረ። ነዳጅ ሲሰጠው ግን ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ተንተባተበ፣ ጠፋ። ደግሞ አስነሳ፤ ደግሞ ጠፋ።

«አይቆርጥማ» አለ ክፍሉ።

«አየሩ አልተስማማውም፤ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» አለ ዘገዬ። ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣ። ጫፉ ሁለት ጊዜ ከብሎኑ ጭረት አመለጠው። ያኔ ከልማዱ የተነሳ ዓይኑን ጨፈነ። ሲጨፍን ጠመንጃው የለም፣ ክፍሉ የለም፣ ሞተሩ ብቻ አለ። ብሎኑን ወደ ቀኝ በጥቂቱ አዞረ፣ ነዳጅ ሰጠ፣ አዳመጠ። ደግሞ በጥቂቱ። ድምፁ እየጠራ ሄደ። አሁንም ቢያዞር ድምፁ ያምራል፣ ሞተሩ ግን ዘይት አጥቶ ይቃጠላል፤ ሲያፏጭ ሰማና ጥቂት መለሰው። ከዚያ የስልኩን እንጨት ዳቦ እንደሚቆርጥ ሰው ከሁለት አደረገው። ልጁ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ።

ክፍሉ ሳቀ። ዘገዬም ሊስቅ ሞከረ፣ አልመጣለትም።

«በጆሮህ ነው የምትሠራው?» አለ ክፍሉ። «እንግዲያ ይቺን መኪናችንንም ታቃናልናለህ። ሳንደርስ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማናል። የሄድንበት ቤት ባዶውን ነው የሚጠብቀን።»

ኮፈኑን ከፈቱለት። ዘገዬ በሽታዋን ካወቀ ዓመት አልፎታል። የሚኒሞዋ ብሎን ላልቷል፤ ግማሽ ዙር ቢጠበቅ አንካሳዋ ድመት ሆና ሰው በር ላይ ትቆማለች። ብሎኑን እንዳይላላ የምትይዘው ደግሞ ከሥሩ ያለች ትንሽ ሞላ ናት። ልጁ ጠባቂ ከትከሻው ኋላ ቆሞ ያያል። ዘገዬ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። እንደዚያ ቀን ፈርቶ አያውቅም፤ እስካሁን የፈራው ለራሱ ነበር።

ብሎኑን ፈታ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ ሞላዋ ጨርቁ ውስጥ ቀረች። ብሎኑን ያለ ሞላ መልሶ አሰረና ግማሽ ዙር አጠበቀ። ሞተሩ ተነሳ። ሦስት አልመታም፣ አልሳተም፤ ውሃ ሆነ። ክፍሉ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ መጋዝህን ይዘህ ሂድ አለው።

ለፋዱማ እውነቱን ነገራት፤ መኪናዋ ለጊዜው ድናለች፣ ስትመጣ ላትሰሚያት ትችያለሽ አላት። ብሎኑ ይላላል፣ ግን ዛሬ ይሁን ከወር በኋላ አያውቅም። ፋዱማ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

በማግሥቱ ዛፉ ላይ ወጣ። የተስተካከለው መጋዝ እንደ ልቡ ይቆርጣል፤ ዘገዬ ግን በየቅርንጫፉ መካከል ጣቱን ከነዳጅ መስጫው ያነሳና ያዳምጣል። ሚኒሞውን ያን ያህል ዝቅ ማድረጉ አሁን ጠቀመው። ቀን አለፈ። ሁለተኛውም። ከደቻቱ በኩል መኪና በለሰለሰ ድምፅ ባለፈ ቁጥር ነፍሱ ትወጣለች፤ የጭነት መኪና ይሆናል፣ ታክሲ ይሆናል። ፋዱማ ከታች ቆማ የመኪናውን ሳይሆን የእሱን ፊት ታያለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዋናውን ግንድ ጀምሮ ሳለ ጣቱን አነሳ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ዝም። ከድሮው የባሰች አንካሳ።

እጁን አወዛወዘ። ሻሚስ ዘለለች። አንካሳዋ ፋዱማ በር ላይ ቆመች፣ ክፍሉና ሰዎቹ ገቡ፣ ሦስቱን ክፍል በረበሩ፣ ባዶ እጃቸውን ወጡ። ክፍሉ ወደ ዛፉ ቀና አለ።

«ውረድ።»

ዘገዬ ወረደ። የሸሚዙ ኪስ ውስጥ፣ በጨርቅ የተጠቀለለችው ሞላ ደረቱን ትቆረቁረዋለች።

«ባለጆሮው ነኝ ትላለህ አሉ» አለ ክፍሉ፣ ጠባቂዎቹና ጎረቤቱ ሁሉ እየሰሙ። «አንዲት ሚኒሞ ማቃናት አቃተህ?»

ዘገዬ የሚኮራበት ነገር አንድ ብቻ እንደነበር ነግሬያችኋለሁ።

«አዎ ጓድ ሊቀመንበር» አለ። «አቃተኝ። ጆሮዬ ደክሟል።»

ክፍሉ ፊቱን በትዝብት አይቶት ሄደ። በዚያ ክረምት አራት ጊዜ ጠርተው አሠሩት፤ አራት ጊዜ ያለ ሞላዋ አቃናት፣ አራት ጊዜ ደቻቱ ድንጋይ ላይ ተመልሳ አነከሰች። ሻሚስ በመስከረም ከጨው ነጋዴዎች ጋር በእግሯ ወደ አጎቷ ጂቡቲ ሄደች። ወሬው ግን ባቡር ጥገናው ደረሰና የሥራ ባልደረቦቹ ሳቁበት፤ ስሙንም ቀየሩለት።

ጡረታ እስኪወጣ ድረስ «ደንቆሮው» ብለው ይጠሩት ነበር። እሱም «አቤት» ይላል።