ይህች ሴል የማን ናት?

ጋሽ ሻማ ያልነው ስለሚሸት ነው። ጠዋት በኮሪደሩ ሲመጣ የቀለጠ ሰም ሽታው ከሱ ቀድሞ እኔ ቢሮ ይገባል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ሥጋ ሰም ውስጥ ሲቀብርና መልሶ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ሌላ ምን ሊሸት ይችላል? እኔ እዚያው ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ የምርመራ ውጤት የምተይብ ጸሐፊ ነኝ። የሱን የመቁረጫ ክፍልና የኔን ቢሮ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳውም ስስ ነው። ስለዚህ ጋሽ ሻማን ከሚስቱ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነኝ ብል አላጋነንኩም።

ሥራውን ላስረዳ። ሐኪሞች ከታማሚው ሆድ፣ ከጡት ወይም ከጉሮሮ ምስር የምታህል ሥጋ ቆንጥረው ይልካሉ። ጋሽ ሻማ ያቺን ቁራጭ ሰም ያለብሳታል፤ ሰሙ ሲጠጥር በማሽኑ ምላጭ ይልጣታል። ልጣጩ ትንፋሽ የሚወስደው ነው። ስለዚህ ሲቆርጥ አይናገርም፣ በሩንም ማንም አይከፍትበትም፤ ሊያስነጥሰው ከመጣ ተነስቶ ይወጣል። ልጣጩ ተጨማዶ ስለሚወጣ ለብ ያለ ውሃ ላይ ያንሳፍፈዋል፤ ሲዘረጋለት ከሥሩ መስታወት ሰድዶ ያነሳዋል። ከዚያ ቀለም ይነከራል፣ የላብራቶሪያችን ዶክተር በማይክሮስኮፕ ታየዋለች፣ ያየችውን ትጽፋለች፣ እኔ እተይባለሁ።

መጀመሪያ ጸጉር አስተካካይ ነበር። የድሮው የላብራቶሪ ኃላፊ ጺሙን ሊላጭ ገብቶ፣ ምላጩ መቼ ቆዳው ላይ እንዳለፈ ሳያውቅ ተላጭቶ ወጣ አሉ። በዚያን ጊዜ የመቁረጫው ምላጭ በእጅ ነበር የሚሳለው። ኃላፊው በማግስቱ ተመልሶ «አንተ ሰው፣ ጺም ላይ ምን ታባክናለህ? እኛ ጋ ና» አለው። ሊስል ገብቶ ቆራጭ ሆኖ ቀረ። በእጅ ሥራ ማንም አይደርስበትም፤ ይህን ፊቱ ተናግሬው አላውቅም፣ ይኮራብኛል። የሚገርመው ግን ሃያ ዓመት ሲቆርጥ የቆረጠውን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም። ማይክሮስኮፑ ያለው ዶክተሯ ክፍል ነው። «ለምን ገብተህ አታይም?» ስለው «የኔ ድርሻ እስከ ውሃው ነው» ይለኝ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ለዶክተሯ አዲስ ማይክሮስኮፕ ተገዛና አሮጌው ወደ መቁረጫ ክፍሉ ተሻገረ። «ጋሼ፣ ቀለሙ በደንብ መያዙን ብቻ ይዩልኝ» አለችው። ያን ቀን ከግድግዳው ማዶ «ኧረ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ጣቱን ቆረጠው ብዬ በሩጫ ስገባ ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ ተክሎ ቆሟል።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ስቆራርጥ የኖርኩት ይሄን ነው? እንዴት ሰው ጠፍቶ ነው የሚነግረኝ?» አለ፤ እውነተኛ ቁጣ ነበር።

እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሮዝና ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ነው። «የተደፋ ጭማቂ ይመስላል» ስላልኩት ለሁለት ቀን አኮረፈኝ።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አላገኘንም። ሻይ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ዶክተሯን ይዞ ይጠይቃታል፤ እሷም መልካም ልጅ ናት፣ አትሰለችም። ያቺ ወይን ጠጅ ነጥብ ኒውክለስ ትባላለች፣ ሴሉ ምን እንደሚሠራ የሚያዘው መመሪያ ያለው እሷ ውስጥ ነው ብላ ነገረችው።

«የሁሉም ሴል መመሪያ አንድ ነው?»

«የአንድ ሰው ከሆኑ፣ ባጠቃላይ አዎ።»

«ታዲያ ጉበቱ ጉበት፣ ቆዳው ቆዳ ሆኖ እንዴት ቀረ?»

«እያንዳንዱ የሚያነበው ለራሱ ሥራ የሚያስፈልገውን ገጽ ብቻ ነዋ፣ ጋሼ።»

ይህች መልስ እንቅልፍ ነሳችው። በማግስቱ ቢሮዬ ገብቶ ጠረጴዛዬን ተደገፈና «አንቺ፣ የዓይንሽ ሴል እኮ ጨጓራ እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል! ግን ዝም ብሎ ይኖራል» አለኝ።

«ያንተም ምላስ ከኔ ዓይን ቢማር» አልኩት።

ለሴሉ ጉልበት የሚያመነጩ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ደቃቅ ነገሮች እንዳሉና በሱ ማይክሮስኮፕ እንደማይታዩ የሰማ ዕለት ደግሞ እንደ ስድብ ነው የቆጠረው። «ቆርጬ የሰጠሁት እኔ፤ እኔ የማላየው ምን አለ?» እያለ ሲነጫነጭ ዋለ። እኔ ስቄ አልጠገብኩም። እሱ ግን ቀስ በቀስ ዓይኑ ተገራ። የሴሉን ሥራ ከመልኩ ማወቅ ጀመረ፦ ከላይ ተደራርበው የሚጠብቁት ጠፍጣፋ ናቸው፤ ፈሳሽ የሚያመነጩት ረዘም ረዘም ብለው ተጠጋግተው ይቆማሉ። ከሁሉም የሚወደው የትልቁን አንጀት የዋንጫ ሴሎች ነው። እያንዳንዳቸው ሆዳቸው በሚያሙለጨልጭ ፈሳሽ ተሞልቶ ዋንጫ መስለው ይታያሉ፤ በአንጀት የሚያልፈው ሁሉ እንዳይጎረብጥ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። «ሲያዩት እንዴት ደስ ይላል!» ይለኛል። አንጀት ሲያይ ደስ የሚለው ሰው ካለ እሱ አንዱ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። የመቁረጫ ክፍል አንድ ሕግ አለው። የአንዱን ሰው ሰም ቆርጠህ ጨርሰህ የሌላውን ከመጀመርህ በፊት ለስላሳ ወረቀት በውሃው ፊት ላይ ትስባለህ። ከመጀመሪያው ሰው ሥጋ ዓይን የማያያት ብጣሽ ውሃው ላይ ቀርታ ከሆነ ወረቀቱ ያነሳታል። ጋሽ ሻማ ይህን «ውሃውን ማበስ» ይለዋል፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሲያብስ ኖሯል።

አንድ ሰኞ ዕለት የአንድ አውቶቡስ ሾፌር ውጤት ተየብኩ። ሰውየውን አውቀዋለሁ። ናሙናው የተወሰደ ዕለት መስኮቴ ላይ ተደግፎ «እህቴ፣ ደህና ደህናውን ተይቢልኝ እሺ» ብሎ አስቆኝ ነበር። ዕድሜው አርባ አልሞላም፣ ሁለት ሴት ልጆች አሉት። ጨጓራውን ሲያመው ከርሞ ነው የመጣው። ውጤቱ የጨጓራ ካንሰር ይላል። ሐሙስ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ተያዘለት፤ የጨጓራው አብዛኛው ክፍል ሊወጣ ነው። በሥራዬ ብዙ ክፉ ቃል ተይቤአለሁ፣ ጣቴም ለምዶታል፤ የዚያን ዕለት ግን አንጀቴን በላው።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ጋሽ ሻማ ታይተው የተመለሱትን መስታወቶች መደርደሪያ ላይ ሊመልስ ተቀመጠ። እያንዳንዱን ሳያይ አይመልስም፤ ማንም አላዘዘውም፣ ለራሱ ደስታ ነው። ሁልጊዜ ሲያይ እህ፣ ኡህ ይላል። ያን ቀን ከግድግዳው ማዶ ድምፁ ጠፋ። ቆይቶ አንድ መስታወትና መዝገቡን ይዞ በሬ ላይ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ይህቺ ቁራጭ የሾፌሩ አይደለችም» አለኝ።

«የቷ?»

«ከጨጓራው የተቆነጠረው አራት ቁራጭ ነው። እዚህ ዳር ላይ አምስተኛ አለች፤ ካንሰሩ ያለው እሷ ውስጥ ብቻ ነው። አጠገቡ ደግሞ የዋንጫ ሴሎች አሉ። አራቱ ጥርት ሲሉ እሷ ትደበዝዛለች፤ ከላይ ነው የተጋደመችው።» መዝገቡን ገለጠልኝ። ከሾፌሩ ቀድሞ የተቆረጠው የአንድ ሽማግሌ ትልቅ አንጀት ነው። «በሁለቱ መሃል ውሃውን አላበስኩም።»

«በምን አወቅህ?»

«የሽማግሌውን እንደጨረስኩ ተነሳሁ። የተነከረ መስታወት ደርቆልኝ ነበር፤ አንዴ አይቼው ልመለስ አልኩ። ተመልሼ ቁጭ ስል በቀጥታ መቁረጥ ቀጠልኩ። ወረቀቱን ማንሳቴ ትዝ አይለኝም።»

የተናገርኩትን ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። «እስቲ ረጋ በል» አልኩት፤ «ጡረታህ እኮ ዓመት ከመንፈቅ ነው የቀረው። ብትሳሳትስ? በማታውቀው ገብተህ ብትዋረድስ?»

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ነገ ጠዋት እኮ ሆዱን ሊከፍቱት ነው» አለና ወደ ዶክተሯ ክፍል ሄደ። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚል ስንት ሰው አውቃለሁ፤ እሱ ግን አላለም። ሳልጠራ ተከተልኩት።

ዶክተሯ ሁሉንም ሰማችው። መስታወቱን ረጅም ጊዜ አየችና ቀና ስትል ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። «ጋሼ፣ ለዓመታት የተቆጣ ጨጓራም የዋንጫ ሴል ሊያበቅል ይችላል። እኔም ያልጠረጠርኩት ለዚህ ነው።»

ይህን አያውቅም ነበር። ትከሻው ወረደ። «ታዲያ በምን ይለያል?»

«ሰሙ አለ አይደል? እንደገና ይቁረጡት። ቁራጯ ሰሙ ውስጥ ካለች የሱ ናት። ከሌለች ከውሃው ነው የመጣችው።»

ውሃውን ደፍቶ አዲስ ሞላ። አዲስ ውሃ ሆኖ ሳለ ሁለት ጊዜ አበሰው። የመጀመሪያው ልጣጭ እጁ ላይ ተቀደደ፤ እንዲህ ሲሆንበት አይቼ አላውቅም። ተነሳ፣ እጁን ታጠበ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይ ቆየና ተመልሶ ተቀመጠ። አሥራ ሁለት ልጣጭ አወጣ። እኔ በር ላይ ትንፋሼን ውጬ ቆሜያለሁ። ፎቅ ላይ ሾፌሩ ለቀዶ ሕክምናው ፈርሞ ተኝቷል። ቀለሙ እስኪይዝ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ የዚያን ቀን የተየብኩት ገጽ ሁሉ ስህተት ነበር።

ዶክተሯ አሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ አየች። ጋሽ ሻማ ከኋላዋ ቆሞ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል።

«የለችም» አለች።

«ሁሉም ላይ?»

«ሁሉም ላይ። ካንሰርም የለም፣ የዋንጫ ሴልም የለም። የተቆጣ ጨጓራ ነው፣ በመድኃኒት የሚታከም። ለማረጋገጥ ሌላ ናሙና ይወሰዳል።» ስልኩን አነሳችና ቀዶ ሐኪሙን ጠራችው፤ ያቺ ዝምተኛ ልጅ ስትጮህ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማኋት። ጋሽ ሻማ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ካንሰሩ የሽማግሌው ነበር፤ የሱ ውጤት ቀድሞ በትክክል ተጽፏል፣ የሱን ምንም አልቀየረውም። ይህን ያስታወሰን ራሱ ጋሽ ሻማ ነው፤ እኔ በደስታ ረስቼው ነበር።

ከሳምንት በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈበት። የምተይበው እኔው ነኝ፤ ሆን ብዬ አንድ ቀን ሙሉ አንቀረፈፍኩት፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ። በማይክሮስኮፑ ከሥራ ሰዓት ውጭ ብቻ እንዲያይም ታዘዘ። ፈረመ። «ትክክል ናቸው» አለኝ። እኔ ዛሬም ትክክል ናቸው አልልም። የማየት ጉጉቱ አሳሳተው፤ ግን ስህተቱን ያገኘለትም ያው ጉጉቱ ነው።

ከደብዳቤው በፊት፣ በዚያው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት የሆነውን ግን አልረሳውም። ሾፌሩ የሆስፒታል ፒጃማ እንደለበሰ መስኮቴ ላይ መጣ። መልእክቱ ማታውን ፎቅ ላይ ያሉት ነርሶች ጋ ሳይደርስ ቀርቶ፣ ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ነው የመለሱት። «ስህተቱን አየ የተባለው ሰው ማን ነው?» አለኝ። አፌን ሞልቼ ላሞግሰው ስል ጋሽ ሻማ ድምፁን ሰምቶ ወጣ።

«ያየሁት እኔ ነኝ። ቁራጯን እዚያ ያደረግኳትም እኔ ነኝ» አለው። ሁሉንም ነገረው፤ ውሃውን፣ ወረቀቱን፣ ለማየት መነሳቱን። አንዲት ቃል አላስቀረም። «አጥፍቻለሁ፣ ወንድሜ።»

ሾፌሩ የመስኮቴን ደፍ ጨብጦ ቆመ። ጣቶቹ ነጭ ሆኑ። ይመታዋል ብዬ ነበር፤ ቢመታውም አልፈርድበትም።

«ልጆቼን ለእናቴ አደራ ሰጥቼ ነው የመጣሁት» አለ። «ትልቋ ገብቷታል። ልብሴን ይዛ አልለቅም አለች።»

ኮሪደሩ ላይ አንድ ጋሪ እየተንቋቋ አለፈ።

«የኔዋን አሳየኝ» አለ ሾፌሩ በመጨረሻ።

ወደ መቁረጫ ክፍሉ ገቡ፤ እኔም ሥራዬን ጥዬ ገባሁ። ጋሽ ሻማ አዲሱን መስታወት አስተካክሎ ወንበሩን ሰጠው። ሾፌሩ ጎንበስ አለና ለረጅም ጊዜ ቀና አላለም።

«ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ። የጨጓራህ ግድግዳ ነው።»

«ምንድን ነው ሥራቸው?»

«ከላይ ያሉት የሚጠብቅ ፈሳሽ ያወጣሉ። ወደ ውስጥ ሮዝ ሮዝ የሚሉት ደግሞ አሲድ ይሠራሉ። ከላይ ያሉት ባይኖሩ አሲዱ ጨጓራህን ራሱን ይበላው ነበር።»

«ጎን ለጎን ሆነው?»

«ጎን ለጎን።»

«አሁንም እየሠሩ ነው?»

«እነዚህስ የሉም፤ ቀለም ነክረን ጨርሰናቸዋል። ሆድህ ውስጥ ያሉት ግን እየሠሩ ነው። ከላይ ያሉት በየጥቂት ቀኑ ይታደሳሉ። ያ የውጤት ወረቀት ሲተየብ ከነበሩት ብዙዎቹ አርጅተው ሄደዋል፤ ያሉት አዲሶቹ ናቸው።»

ሾፌሩ ቀና አለ። የማይክሮስኮፑ ጠርዝ ዓይኑ ዙሪያ ክብ ምልክት ትቶበታል። ለቀዶ ሕክምናው ሲባል ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል እንዳይቀምስ ተከልክሎ ነበር፤ ጠዋት ከበሩ ሲመልሱት መብላት እንደሚችል የነገረው ሰው አልነበረም። መዳፉን በፒጃማው ላይ ሆዱ ላይ አሳረፈና እንደሚያዳምጥ ሰው ቆየ።

«ራበኝ» አለ።