መጀመሪያ ወደ ቀኝ

ካርታው አሁንም የወንበር ስፖንጅና የናፍጣ ሽታ አለው። ትናንት ወፍራም ልብስ ፍለጋ ሣጥን ሳገላብጥ ከአሮጌ ደብተሬ መሀል ወደቀ፤ ሳልዘረጋው ሽታው ቀድሞ ደረሰኝና ያችን ቅዳሜ ይዞብኝ መጣ። ያች ቅዳሜ ወንድሜ ይበልጣል ከጧት እስከ ማታ በሕይወት የዋለባት የመጨረሻዋ ቀን ናት። ስለ እሷ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቻለሁ። እንደ ማንኛውም ቅዳሜ ነበረች፤ ስለዚህ ከየት እንደምጀምራት አላውቅም።

ከመኪናው ልጀምር። ይበልጣል ከደብረ ማርቆስ አማኑኤል የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። መኪናው ከጃፓን የመጣ አሮጌ ነው፤ በአገሩ መሪው በቀኝ በኩል ስለነበር እዚህ ሲገባ ወደ ግራ አዛወሩትና በቀኝ የቀረውን ክፍተት በጥቁር ፕላስቲክ ደፈኑት። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ስለነበርኩ አንዳንድ ቀን አብሬው እሄዳለሁ፤ የምቀመጠውም ከዚያ ፕላስቲክ ፊት ለፊት ነው። "የሾፌሩ ወንበር እኮ ያንተ ነበር፤ ነጥቄህ ነው" ይለኛል። አንድ ቀን ጉድጓድ ላይ ሲነጥር ፕላስቲኩ ተነቅሎ ወደቀና ከጀርባው የታጠፈ ወረቀት ጉልበቴ ላይ ተንሸራተተ። ይኸው ካርታ ነው። ጽሑፉ ሁሉ የጃፓን ሆኖ ጥጉ ላይ ብቻ በእንግሊዝኛ ፊደል የአንዲት ደሴት ስም ነበረበት፤ ኢሺጋኪ።

በስልኬ ፈልጌ አነበብኩለት። ከጃፓን ደቡብ፣ ከሌላው አገራቸው ርቃ ባሕር ላይ የተቀመጠች፣ ብርድ የማያውቃት፣ ሸንኮራና አናናስ የሚበቅልባት ናት፤ ላሞቿ ባሕሩ አፋፍ ላይ ይግጣሉ፣ በሰሜን ጫፏ ለመርከቦች የሚያበራ ነጭ ማማ ቆሟል። ይበልጣል መሪውን እንደያዘ ሰማኝና "መኪና ተከራይቼ፣ ራሴ ነድቼ እዞራታለሁ" አለ።

"ሾፌር ለዕረፍቱ ደግሞ መኪና ይነዳል?" አልኩት።

"ሞኝ! እኔ መቼ ነድቼ አውቃለሁ? የሚነዳኝ ሕዝቡ ነው። 'ወራጅ አለ' ሲሉኝ እቆማለሁ፣ 'ሳበው' ሲሉኝ እሄዳለሁ። እስቲ አንድ ጊዜ ወራጅ የሌለበት መንገድ ልንዳ።"

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ይህን ሰምተው "አይ ልጄ፣ እኔ ግን አፋፉ ላይ ወራጅ አለኝ" አሉና መኪናው በሙሉ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ደብተር ገዛን። የመጀመሪያው ገጽ ላይ "ሾፌር፦ ይበልጣል። ካርታ አንባቢ፦ ሙሉቀን" ብዬ ጻፍኩ። ደሴቲቱን በአንድ ቀን ዞሮ መጨረስ እንደሚቻል ብነግረው "ለሰባት ቀን አካፍላት" አለኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ ያስጻፈኝ "ማማው ሥር መቀመጥ፣ ሌላ ሥራ የለም" የሚል ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ቤታችን ሽሮ በየተራ የምናሳርርበት የሦስት ወንዶች ቤት ስለሆነ ማታ ማታ ከደብተሩ ሌላ ጨዋታ አልነበረንም። አባታችን መሪጌታ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሞ ማስተማሩን ቢተዉም ባሕረ ሐሳቡ ከጣታቸው አልወጣም ነበርና እንሄድበታለን ያልነውን ዓመት ፋሲካ በጣታቸው አንጓ ቆጥረው አወጡልን።

"በበዓለ ሃምሳ ሂዱ። ረቡዕና ዓርብ የለበትም፤ ሰው አገር ሄደው ጾም ገደፉ ከምትባሉ።"

"አባዬ፣ የእነሱ ዝናብ የሚጀምረው ያኔ እኮ ነው" አልኳቸው።

"ዝናብ ለዘሪ ነው። ለሾፌር መጥረጊያ አለው" አሉ። ደሴቲቱ አሳማ እንደምትወድ ግን አልነገርናቸውም።

ይበልጣል በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። መንገድ መሻገር ያስተማረኝ እሱ ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ ትምህርት ቤቱ ከዋናው አስፋልት ማዶ ስለነበር ጧት ጧት የጤፍ ጭነት መኪኖች እያጓሩ ያልፋሉ፤ እኔ ከድምፃቸው ብዛት አልቅሼ እመለሳለሁ። ይበልጣል አስፋልቱ ዳር አቁሞኝ አገጬን በሁለት ጣቱ ይይዝና ያዞረዋል። "መጀመሪያ ግራ። ቀጥሎ ቀኝ። ደግሞ ግራ።" ጣቱ ቆሎ ቆሎ ይሸተኝ ነበር። የክፍሉ ልጆች እያለፉ "ይበልጣል፣ አንገቱን ዘይት ቀባው!" እያሉ ይስቁብናል፤ እሱ ግን አይሰማቸውም። ያን ዓመት ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳያሳልፍ፣ አገጬን ያዞር ነበር። ግራውን ያሳየኝ የእሱ እጅ ነው።

እኔ ደግሞ አድጌ አስረሳሁት።

ጃፓኖች በግራ መስመር እንደሚነዱ ሳነብ ደስ ያለኝ ለምን እንደሆነ አሁን አላውቅም። አንድ ጊዜ እንኳ የማስተምረው ነገር ስላገኘሁ ይሆናል። "እዚያ መጀመሪያ የሚታየው ወደ ቀኝ ነው፤ አንገትህ ካልለመደ እጅህ አይለምድም" አልኩት። በመኪና እንለማመድ ብዬ ስጠይቀው "ሰው ጭኜ ከመሪ ጋር አልቀልድም" ብሎ እምቢ አለኝ። ስለዚህ በእግራችን ሆነ። ከበራችን ማዶ፣ ከኮብልስቶኑ ባሻገር የእትዬ ብርቄ ሱቅ አለ። ሕጉን አወጣን፤ ለሳሙናም ለክብሪትም ሲሻገር ወደ ግራ ቀድሞ ያየ የማታውን ዕቃ ያጥባል። ዳኛዋ እትዬ ብርቄ ሆኑ። እኔ ቶሎ ለመድኩት። ይበልጣል ግን ሁለት ወር ሙሉ ዕቃ አጠበ፤ አንገቱ እምቢ አለ። እትዬ ብርቄም ከመስኮታቸው ብቅ ብለው "ይበልጣል! ዛሬም እጅጌህን ሰብስብ፣ ብርጭቆ ይጠብቅሃል!" ይሉታል።

ያች ቅዳሜ እንግዲህ እንዲህ ነበረች። ረፋድ ላይ፣ ይበልጣል ሥራ ላይ እያለ፣ የመኪና ኪራዩን ነገር በስልኬ ሳነብ የእኛ አገር መንጃ ፈቃድ እዚያ እንደማይሠራ አየሁ። ደጋግሜ አነበብኩት። መኪና አይሰጡትም። ያ ሁሉ ደብተር ከንቱ ነበር። ሲመጣ እነግረዋለሁ ብዬ ጠበቅሁት። በጊዜ ገባ፤ ሽንኩርት አልቆ ነበርና ተሻግሮ ገዛ። ክብሪት ረስቶ ተመለሰ። ከዚያ ደግሞ ዘይት። ሦስቱንም ጊዜ አንገቱ ቀድሞ ወደ ቀኝ ዞረ፤ በሦስተኛው ጊዜ እትዬ ብርቄ በመስኮታቸው እልል አሉ። ዘይቱን እንደያዘ እየዘለለ ገባና "አንገቴ ጃፓን ገብቷል! የቀረው ሌላው አካላቴ ነው!" አለ። አባዬ እንባቸው እስኪወጣ ሳቁ። እሱ ስላልተሸነፈ የማታውን ዕቃ እኔ ሳጥብ በሩ ላይ ተደግፎ "በደንብ እሸው፣ ጌታው" እያለ ይተርበኛል። ዛሬስ እንዴት ብዬ ልንገረው አልኩና ለነገ ተውኩት። ያን ቀን ነግሬው ቢሆን ጨዋታው ያኔ ያልቅ ነበር። አንገቱም ምናልባት ወደ ቦታው ይመለስ ነበር። አላውቅም።

በማግሥቱ እሑድ አስቀድሶ ሥራ ወጣ። ቀትር ላይ አማኑኤል ሰው አራግፎ፣ መኪናውን ዳር አቁሞ፣ ከማዶ ለቤት ድንች ሊገዛ ወረደ። የጭነት መኪና ገጨው። ወዲያው ነው ያሉት፣ አልተሠቃየም አሉን። ይህን ለሁሉም ሰው ይሉ እንደሆነ አላውቅም።

ከአስከሬኑ ጋር ከአማኑኤል የመጣች አንዲት ቆሎ ሻጭ ነበረች። ማታ ድንኳኑ ውስጥ አባዬ እግር ሥር ቁጭ ብላ ያየችውን ተናገረች። "ደንበኛዬ ነው፤ ከበሩ ሲወርድ እያየሁት ነበር። ወደ ደምበጫ በኩል፣ ወደ ቀኙ ዞር ብሎ አየና እግሩን አነሳ። መኪናው የመጣው እኮ ከማርቆስ በኩል፣ ከኋላው ነው። በስተግራው። ጮኽኩ አባቴ፣ ጮኽኩ።"

ለቀስተኛው "ሾፌር ሆኖ? ያን ሁሉ ዓመት ነድቶ?" እያለ እርስ በርሱ ተያየ። አባዬ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። "ሙሉቀን፣ የወንድምህ ዓይን ደህና አልነበረም እንዴ?" አሉኝ። ደህና ነበር አልኳቸው። የጨዋታችንን ነገር እስከ ዛሬም አልነገርኳቸውም። ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉና በአውራ ጣታቸው አንጓውን እየነኩ መቁጠር ጀመሩ። የእኛን ፋሲካ የቆጠሩበት አንጓ ነው። አሁን የሚቆጥሩት አርባውን ነበር።

ያን ሌሊት ራሴን ስከራከር አደርኩ። ጨዋታ ነው አልኩ። ሁለት ወር እምቢ ያለ አንገት በአንድ ቅዳሜ አይለወጥም አልኩ። ሴትዮዋ ተሳስታለች፤ ድንጋጤ ግራና ቀኝ ያምታታል አልኩ። ሲነጋ ላምናት አልቻልኩም፣ ልክዳትም አልቻልኩም።

ጧት፣ ገና ወደ ቀብር ሳይኬድ፣ ወጥ የሚሠሩት ሴቶች ጨው አለቀ ብለው ላኩኝ። ከድንኳኑ ወጥቼ በራችን ላይ ቆምኩ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ለእኛው ብለው የሱቃቸውን አንድ መዝጊያ ከፍተው ነበር። ልሻገር እግሬን ሳነሳ አንገቴ ዞረ። አላዘዝኩትም። ቀድሞ ወደ ቀኝ ነው የዞረው።

እትዬ ብርቄ አዩኝ። በሕጋችን ከሆነ አልተሸነፍኩም፤ ዕቃ አላጥብም። ነጠላቸውን ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ።

እዚያው እንደቆምኩ በራሴ ሁለት ጣት አገጬን ያዝኩና ወደ ግራ አዞርኩት። መንገዱ በሁለቱም በኩል ባዶ ነበር። አልተሻገርኩም። ጨው ሳልይዝ ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ።