አፍ ከእታፈራሁ፣ እጅ ከዓመለወርቅ

ሶዶ ገበያ፣ ቅቤ ተራ ውስጥ፣ እታፈራሁን የሚያህል ምላሰኛ ሻጭ አልነበረም። ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆቿን በቅቤ ንግድ ያሳደገች ሴት ናት። ከጎኗ የምትቀመጠው ዓመለወርቅ ደግሞ ቅቤዋ ያማረ፣ አፏ ግን የተለጎመ ነበረች፤ ገዢ ካጉረመረመባት ዝም ብላ ዋጋ ትቀንሳለች። ሁለቱ ለዓመታት እንደ ጣውንት ሲተያዩ ኖሩ።

ከተማው ውስጥ ባጃጅ መታየት በጀመረበት ክረምት፣ የነሐሴ ብርድ የእታፈራሁን እጅ ያዘው። መጀመሪያ አሳከካት፤ ከዚያ ቀላ፤ ከዚያ በየጣቶቿ መሐል እየተሰነጠቀ ደማ። ሻጭ ቅቤዋን የምታስቀምሰው በጣቷ ቆንጥራ ገዢው እጅ ላይ አድርጋ ነውና፣ እጇን ያየ ሁሉ ወደ ዓመለወርቅ ዞረ። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታና መስቀል እየቀረቡ ነው። የልጆቿ የዓመት ቀለብና ልብስ የሚገኘው ደግሞ ከዚያ ገበያ ነው። ንጹሕ ለመምሰል ጠዋት ማታ እጇን በኦሞ ፈተገችው፤ በራሷ ቅቤም አሸችው። ባሰባት።

ኦቶና ሆስፒታል ስትሄድ ነርሱ አድነው እጇን ሳይጸየፍ ይዞ አገላበጠው። ችፌ ነው፣ ብርድና ሳሙና ያስቆጡታል፣ ከሰው ወደ ሰው ግን አይጋባም አላት። ኦሞውን እንድትተው፣ ለብ ባለ ውኃ ታጥባ ሳትፈትግ እንድታደርቅ፣ እርጥበቱ ሳይለቅ ሽታ የሌለው ቫዝሊን እንድትቀባ፣ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅም እንድትጠቀልለው መከራት። የሚቀባ መድኃኒትም ሰጣት።

ቅቤ መቼ እንደምትነካ ጠየቀችው።

“ቆዳዎ እስኪገጥም ይታገሡ፣ እናቴ።”

መስቀል አመለጠኝ ብላ እያለቀሰች ወጣች።

በማግስቱ እጇን ጠቅልላ፣ የሚሸጥ ሳትይዝ፣ ከቦታዋ ተቀመጠች። ቤት መዋል አልሆነላትም። ለጠየቃት ሁሉ ችፌ እንደማይጋባ ስትናገር አረፈደች። አንድ ገዢ መጥቶ የዓመለወርቅን ቅቤ ውኃ አለበት እያለ ያናንቅ ጀመር። ዓመለወርቅ እንደ ልማዷ ልትቀንስለት ስትል እታፈራሁ አላስቻላትም።

“ውኃ የፈለገ ወንዝ ይውረድ፣ ጋሼ። ይኸን ቅቤ እርስዎ ከተዉት እኔ አናቴን እቀባዋለሁ።”

ሰውዬው ስቆ በተጠራው ዋጋ ገዛ። ዓመለወርቅ እስኪርቅ ጠበቀችና ዓይኗን ሳታነሣ፣ “ነገ ቅቤሽን አምጪው፤ እኔ እቆርሳለሁ፣ አንቺ ተናገሪ” አለቻት።

እታፈራሁ የተጠቀለለ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች።

“ምነው? የታመመው እጅሽ ነው፤ ምላስሽ መቼ ታመመ?”

ያን መስቀል ሁለት ቅቤ በአንድ አፍና በአንድ እጅ ተሸጠ። የእታፈራሁም ልጆች እንደ እኩዮቻቸው በሉ፣ ለበሱ። ችፌው እስከ ዛሬ ብርድ ሲገባ ብቅ ይላል፤ እሷም ቫዝሊኗንና ጨርቋን አስቀድማ ታዘጋጃለች። ስትጸልይ አድነውን ትጠራለች፣ ዓመለወርቅን ትጠራለች፤ ልመናው ከዚያ በኋላ ነው።

ቆዳዋ የገጠመ ዕለት መጀመሪያ የቆረሰችውን ቅቤ ለገዢ አልሰጠችውም። የዓመለወርቅን ሻሽ ፈትታ አናቷ ላይ አደረገችላት።

“በዛ፤ ቀንሺ” አለች ዓመለወርቅ።

እታፈራሁ ግን ጨመረችላት።