ከማቶኬ ልጣጭ የተሠራው ጥቁር ዱቄት

ክፍሉ መስኮት አልነበረውም። ከበሩ ሥር በሚገባው ብርሃን የሰው እግር ብቻ ይታያል። ወለሉ እርጥብ ነው።

የያዙን በስደት ባለንበት ከተማ፣ ኮሎሎ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ኤምባሲ በር ላይ፣ አገር ቤት ለታሰሩት ሻማ ይዘን ስንጸልይ ነው። ሴቶቹን ሁለት ሁለት አድርገው አስገቡን። ከእኔ ጋር የገባችው ኪሰንዪ ገበያ ጨርቅ የምትነግድ ሙስሊም የወሎ ልጅ ነበረች።

ቦርሳዬን የፈተሸችው ፖሊስ ሁለት ትናንሽ የላስቲክ ቋጠሮዎች አገኘች። በአንዱ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁት እምነት፣ ግንባራችንን የምንቀባው አመድ አለ። በሌላው ልጄ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ላለው መምህሯ እንዳደርስላት የሰጠችኝ ጥቁር ዱቄት። “ለጸሎት ነው” አልኳት አመዱን እያሳየሁ። ሁለቱንም መለሰችልኝ። ሳላርማት ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው።

ዱቄቱን ልጄ የሠራችው እኔ ከላጥኩት የማቶኬ፣ የሚቀቀለው አረንጓዴ ሙዝ፣ ልጣጭ ነው። ግራፊን ይሉታል። ዘሩ ከመጻፊያ እርሳስ ልብ ነው፤ ግን እጅግ የሳሳ። ኤሌክትሪክ ቶሎ የሚሞላ ባትሪ ይሠራበታል ብላኛለች።

ከሰዓት በኋላ የወሎዋን ልጅ ራሷን ያማት ጀመር።

“እማ፣ ያንን አመድዎን ይቀቡኝ እስቲ።”

“አንቺ ሙስሊም አይደለሽም እንዴ?”

“ወሎዬ ነኝ! እኛ ቤት ሰው ሲታመም ሼሁም ቄሱም ይጠራሉ። ቀድሞ የደረሰ ያድናል።”

በጨለማው ዳብሼ አንዱን ቋጠሮ ፈታሁ። በስመ አብ ብዬ ቀባኋት።

በሩ ሲከፈት ግንባሯ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ አብረቀረቀ። ተሳስቻለሁ፤ የቀባኋት የልጄን ዱቄት ነው።

በሩን የከፈተው መርማሪ ጠጋ ብሎ አየና ቋጠሮውን ከእጄ ወሰደ። “ማማ፣ ይህ ምንድን ነው? ፈንጂ?”

“ፈንጂ ቢሆን የእኔ ጭንቅላት እስካሁን እዚህ ይገኝ ነበር?” አለችው የወሎዋ ልጅ በስዋሂሊ።

ፈገግ ሊል ሲል ተወው። “ማን ሠራው?”

ልጄ እዚህ አገር የምትማረው በፈቃድ ነው። ስሟ እነሱ መዝገብ ላይ ከገባ ትምህርቷ እንደሚቆም ታየኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ፖሊሷ “ለጸሎት ነው” ማለቴን ነግራዋለች መሰለኝ፣ ወረቀት አቀረበልኝ። “የቤተ ክርስቲያን አመድ ነው በዪና ፈርመሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ።”

“ይበሉ እንጂ፣ እማ!” አለች የወሎዋ ልጅ።

ብዕሩን ይዤ ነበር። ግን የተቀደሰውን የውሸት መሸፈኛ ማድረግ ከበደኝ።

“ከቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ከማቶኬ ልጣጭ ነው። የሠራውን ሰው አልናገርም። እንደዚህ ብለህ ጻፈው፤ እፈርማለሁ።”

ጻፈው። ፈረምኩ። በሩ ተዘጋ።

“አይ እማ! እርስዎ ግን!” አለችኝ። ሻሿን ፈታ፣ አጣጥፋ ከራሴ ሥር አደረገችልኝ። ስለዚያ እስከ ዛሬ እመርቃታለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠሩኝ። ልጄ ከመምህሯ ጋር መርማሪው ፊት ቆማለች። እኔን ፍለጋ ጣቢያ ስትጠይቅ የዱቄቱን ነገር ሰምታ ራሷ ነው የመጣችው። ስሟን ከነአባቷ ጠርታ፣ “እኔ ነኝ የሠራሁት” አለች። መምህሯም ለምን እንደሚያገለግል አስረዳ። ግድግዳውን ያዝኩ። ያን ቀን እኔንም የወሎዋንም ልጅ ለቀቁን።

ልጄ ዛሬም እየተማረች ነው። አንዳንዴ ትቆጣኛለች። “ስሜን ብትነግሪያቸው በዚያው ቀን ትወጪ ነበር” ትለኛለች። ልክ ሳትሆን አትቀርም። እኔ ሦስት ቀን የደበቅኩትን ስም ቀና ብላ ስትናገረው ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ተመስገን እላለሁ።