የዲንኪቱ አንድ ዓይን

ዲንኪቱ አንድ ዓይን ብቻ ነበራት። ሌላውን በልጅነቷ የግራር እሾህ ወስዶባታል። በቀረው ዓይኗ ግን እኔ በሁለቱ የማላየውን ታይ ነበር። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም፤ አሥር ዓመት ሙሉ ስላናደደችኝ ነው።

ነገሌ ክሊኒክ ውስጥ እኔ ቁስል አጣቢ ድሬሰር ነበርኩ፣ እሷ ጽዳት። እኔ የሸዋ ሰው፣ ኦሮምኛ የማልሰማ፤ ስለዚህ አስተርጓሚዬም እሷው ነበረች።

በ1956 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ አንድ ቅጽ መጣ። በመላው አገር ሰው ዓይኑን በምን በምን እንደሚጎዳ ሊያጠኑ ፈልገዋል። አሳቡ ደግ ነው። ቅጹ ላይ የተዘረዘረው ግን በመኪና አደጋ፣ በፋብሪካ ሥራ፣ በጠብ፣ ሌላ ይላል። ነገሌ ፋብሪካ የለም። መኪናም በሳምንት አንዴ ቢመጣ ነው። እኔም ሁሉንም “ሌላ” ውስጥ እየከተትኩ በየወሩ እልክ ነበር።

“ይሄ ‘ሌላ’ ምንድነው?” አለችኝ አንድ ቀን መጥረጊያዋን ተደግፋ።

“ሌላ ነዋ!”

“አዲስ አበባ ያለ ሰው ‘ሌላ’ ሲሉት ምን ያውቃል? እሾህ ነው ይበሉት። እባብ ነው ይበሉት።”

ተናደድኩ። በማግስቱ ግን በሽተኛውን ሁሉ ማስጠየቅ ጀመርኩ። በምን ተጎዳህ? ከዚያስ ምን አደረግህበት? ሁለተኛው ጥያቄ የእሷ ነው፤ እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ ከቅጹ ጀርባ የጻፍነውን ቁጭ ብለን አየነው። በቦናው፣ ዝናብ በሌለበት በደረቁ ወራት፣ የከብት አጥር ሲታጠር፣ እሾህ ነው። ከክብረ መንግሥት ወርቅ ቁፋሮ የሚመጡት የድንጋይ ፍንጣሪ ይዘው ነው የሚመጡት። መርዙን ዓይን ላይ የሚተፋው እባብ ደግሞ ወር አይመርጥም። እባብ ከተፋባቸው አሥራ አራት ሰዎች መካከል ወዲያው የታጠቡት የስድስቱም ዓይን ድኗል። የታኘከ ትንባሆ ካደረጉበት ከስምንቱ ግን አምስቱ ዓይናቸው ጠፍቷል። ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩላት። ሰምታ ስትጨርስ ወደ መጥረጊያዋ ተመለሰች።

በሚቀጥለው ዓመት ቦናው ከፋ። ዲንኪቱ አንድ እሑድ አክስቷን አሸቱን የጥጃ በረት በማጠር ልታግዝ ወደ መንደር ወጣች። አንድ የደረቀ የእሾህ ቅርንጫፍ ስታነሳ እባቡ ከሥሩ ቀና አለና በዚያችው በአንዷ ዓይኗ ላይ ተፋባት።

አሸቱ ትንባሆዋን እያኘከች ሮጣ መጣች። የምታውቀው መድኃኒት ይኸው ነው።

“ትንባሆውን ተዪ! ውሃ!” ብላ ጮኸች ዲንኪቱ።

ውሃ ከየት ይምጣ? ውሃ የሚጭኑት አህዮች ወደ ውሃ ጉድጓዱ ወርደዋል፤ ተራቸው ደርሶ የሚመለሱት በማግስቱ ነው። ቤት ውስጥ የነበረው ካልነጠፈችው ከአንዷ ላም የታለበ የጠዋት ወተት ብቻ ነበር፣ እሱም የአሸቱ የልጅ ልጆች ምግብ።

“ወተቱን አፍስሺበት” አለች ዲንኪቱ።

በዚያ አገር ወተት መሬት ላይ ማፍሰስ ትልቅ ነውር ነው፤ በድርቅ ጊዜማ አይታሰብም። አሸቱ ዕቃውን ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ የዲንኪቱን ራስ ጭኗ ላይ አስተኛችና እስከ መጨረሻው ጠብታ አፈሰሰችባት። የልጅ ልጆቿ ያን ቀን ጦማቸውን ዋሉ።

ከሰዓት በኋላ በአንድ ዱላ ጫፍና ጫፍ ተያይዘው ክሊኒክ ደረሱ፤ አሸቱ ከፊት፣ ዲንኪቱ ከኋላ። ዓይኑ ደም መስሎ አብጧል። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። ይህ ዓይን ከጠፋ ሌላ የላትም። ደህና አድርጌ አጠብኩት፣ ቅባት ቀባሁት፣ በፋሻ ሸፈንኩት። ሦስት ቀን በሽተኛ ሁሉ ላይ ስጮህ ሰነበትኩ፤ የሚያስተረጉምልኝ ስላልነበረ ግን የተቀየመኝ የለም።

በአራተኛው ቀን ፋሻውን ፈታሁ። ሁለት ጣት አነሳሁ።

“ስንት ነው?”

ዓይኗን አጥብባ ወደ ጣቶቼ ጠጋ አለች።

“ሁለት” አለች በመጨረሻ። “ግን ጥፍርዎን ይቁረጡ። እንዲህ ሆነው ነው ዓይን የሚነኩት?”

ተሰድቤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ተመስገን አልኩና ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

አሸቱ ሦስቱን ቀን ከክሊኒኩ ደጅ አልራቀችም ነበር። በሩ ላይ ብቅ ስትል ዲንኪቱ አየቻት፤ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ከዚያ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

“አታልቅሺ!” ብዬ እጄን እያወናጨፍኩ ዘለልኩ። “ዓይኑ ገና ነው፣ አታልቅሺ አልኩሽ!”

አሸቱ በኦሮምኛ ወረደችብኝ። አንድም ቃል አልገባኝም። ዲንኪቱን አየኋት፤ እንባዋ እየወረደ ሳቋ አመለጣት።

“‘ዓይን ይታጠብ የምትለው አንተው አይደለህ? ተዋት፣ ትታጠብ’ ትላለች” ብላ አስተረጎመችልኝ።